ቀዩ ቀለም የማንን ረድፍ እያየ ነው?

እማማን ከእድራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመው ያገኘኋቸው እሑድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን በስም ዝርዝሩ ላይ ወደታች እያንሸራተቱ ሄዱና የራሳቸው ስም ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ስማቸው ቀይ ነበር። ከተራ ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አምድ ድረስ ረድፉ በሙሉ ቀልቷል።

በእኛ እድር ቀይ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ያልከፈለ ሰው ነው። ውዝፉን እስኪከፍል ድረስ ሐዘን ቢደርስበት ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ገንዘቡም አይሰጠውም። እማማ ደግሞ እድሩ ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም ወር አሳልፈው አያውቁም። ደረሰኞቻቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በሳጥን የሚያስቀምጡ ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። የእድሩ ጸሐፊ ነኝ፣ መዝገቡን ወደ ኤክሴል ያዛወርኩትም እኔው ነኝ። ተጠግቼ ሳይ ከስማቸው ፊት ውዝፍ በሚለው አምድ ላይ የተጻፈው 0 ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። ቀለሙ ነው የተሳሳተው። ግን ከቅዳሜ ጀምሮ በዚያ ሰሌዳ ፊት ያለፈ ሰው ሁሉ ቁጥሩን አላነበበም፣ ቀለሙን ነው ያየው። ወረቀቱን ወዲያው ገንጥዬ አወረድኩት፣ ይቅርታም ጠየቅኳቸው። ቤት ገብቼ ላፕቶፑን ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይህን የምጽፈው በዚያ ቀን ያገኘሁት ስህተት በጣም ትንሽ ስለሆነች ነው። የአንድ ረድፍ ስህተት ናት። የእድር፣ የእቁብ፣ የትምህርት ቤት ውጤት፣ የሱቅ ዕቃ በኤክሴል የምትመዘግቡ ሁሉ አንድ ቀን ታገኛችኋለች ብዬ አምናለሁ። እኔን ካገኘችኝ በኋላ የተማርኩትን ደግሞ ለሌላው ሳላካፍል መቀመጥ አልፈለግኩም።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ኤክሴል ውስጥ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ የሚባል ነገር አለ። «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አቅልመው» የሚል ሕግ የምትሰጡበት ነው። ከኤክሴል 97 ጀምሮ አለ፤ ያኔ ለአንድ ሴል (ለአንዷ የሰንጠረዡ ካሬ) ከሦስት በላይ ቅድመ ሁኔታ አይቀበልም ነበር፣ ያ ገደብ የተነሣው በ2007ቱ ኤክሴል ነው። ቀላሉ አጠቃቀም «ቁጥሩ ከዚህ ከበለጠ ቀይ» ማለት ነው፤ ያን ማንም በሁለት ደቂቃ ይሠራዋል። ፈተናው የሚመጣው የአንዱን ሴል ቀለም ሌላ ሴል እንዲወስነው ስትፈልጉ ነው። እኔ የፈለግኩት ያን ነበር። ውዝፉ የተጻፈበትን ሴል ብቻ ሳይሆን ስሙንም፣ ስልኩንም፣ ሙሉ ረድፉን ማቅላት። ስለዚህ ስሙ ያለበት ሴል ቀለሙን ከመያዙ በፊት ዞር ብሎ ውዝፉን ማየት አለበት። የትኛውን ውዝፍ? ጥያቄው ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

የእኛ መዝገብ እንዲህ ነው። አባላት 186። የመጀመሪያው ረድፍ ርእስ ነው፣ ሰዎቹ ከረድፍ 2 ይጀምራሉ። ኤ ተራ ቁጥር፣ ቢ ስም፣ ሲ ስልክ፣ ዲ የሚጠበቅበት፣ ኢ የከፈለው፣ ኤፍ ውዝፍ። (የሴሎቹን ስም እዚህ በአማርኛ ፊደል ነው የምጽፈው። ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፉ የእንግሊዝኛውን ፊደል ተጠቀሙ።)

የመጀመሪያ ሙከራዬ ማንንም አላቀላም። የሕጉን መጻፊያ ሳጥን ከፍቼ የመጀመሪያውን ሰው ውዝፍ በማውስ ስነካው ኤክሴል ራሱ =$ኤፍ$2 ብሎ ጻፈልኝ። ሁለት የዶላር ምልክት። ከኋላው >=300 ጨመርኩበት (ውዝፉ የሦስት ወር፣ 300 ብር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ማለት ነው)፣ እሺ አልኩት። ምንም የለም፣ ዝርዝሩ ነጭ ሆኖ ቀረ። እኔም ለጥቂት ደቂቃ ሰው ሁሉ የከፈለ መሰለኝ። የሆነው ግን 186ቱም ሰዎች የአንድን ሰው ውዝፍ ነው ያዩት፤ የተራ ቁጥር 1ን። እሱ ደግሞ ዕዳ አልነበረበትም። እሱ ዕዳ ቢኖርበት ኖሮ እድሩ በሙሉ ይቀላ ነበር።

የዶላር ምልክቱን ነገር ለሰው ሳስረዳ ሁልጊዜ የምጠቀምባት ምሳሌ አለችኝ። «ጎረቤቴ» እና «የእድሩ ዳኛ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አስቡ። «ጎረቤቴ» የሚለውን ቃል እኔ ስለው አንድ ሰው ነው፣ እናንተ ስትሉት ሌላ ሰው ነው። ቃሉ አልተለወጠም፣ የተናገረው ሰው ቦታ ነው የተለወጠው። «የእድሩ ዳኛ» ስንል ግን ማንም ይበለው ማን፣ ከየትም ቤት ሆኖ ይበለው፣ አንድ ሰው ናቸው። ዶላር የሌለው ሴል «ጎረቤቴ» ነው። ሁለት ዶላር ያለው «የእድሩ ዳኛ» ነው።

ለእኔ የሚያስፈልገኝ ደግሞ ሁለቱም አልነበረም። «በእኔ ረድፍ ላይ ያለው ውዝፍ» ነበር የፈለግኩት። ረድፉ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ይውረድ፣ አምዱ ግን ኤፍ ላይ ይቁም። ያ በአንድ ዶላር ይጻፋል፣ =$ኤፍ2። ዶላሩ ፊደሉን ይዞ ያስቀረዋል፣ ቁጥሩን ይለቀዋል። ዶላሩን ጨርሶ ካነሣችሁት ደግሞ ተራ ቁጥሩ ኤፍን ያያል፣ ስሙ አንድ አምድ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ጂን ያያል፣ ስልኩ ኤችን ያያል፤ የሚቀላው ተራ ቁጥሩ ብቻ ይሆንና ሌላው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ግማሽ የቀላ ረድፍ ካያችሁ አንድ ዶላር ጎድሏል ማለት ነው።

ስለዚህ ዶላሩን አስተካከልኩ፤ ረድፎቹ ከዳር እስከ ዳር ቀሉ። ደስ አለኝ። አትሜ ለጠፍኩት። እማማ ያዩት ያንን ወረቀት ነው።

ምን ነበር ስህተቱ? ሕጉን ከመጻፌ በፊት ከኤ እስከ ኤፍ ያሉትን አምዶች ከላይ ፊደሎቻቸውን ነክቼ በሙሉ መረጥኳቸው። እንዲህ ሲመረጥ መነሻው ሴል ኤ1 ነው፣ ርእሱ። እኔ ግን ፎርሙላውን የጻፍኩት ለረድፍ 2 ነው። ኤክሴል የሚረዳው እንዲህ ነው፤ «ኤ1 ላይ ሆኜ ኤፍ2ን አያለሁ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ረድፍ ከእሱ በታች ያለውን ያያል»። ርእሱ የመጀመሪያውን ሰው አየ፣ የመጀመሪያው ሰው ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች። ሰው ሁሉ ከሥሩ ያለውን ሰው ዕዳ ተሸከመ። ከእማማ ሥር የተመዘገበው ሰው አምስት ወር አልከፈለም ነበር። እሳቸው ቀሉ። እሱ ደግሞ ከእሱ በታች ያለው ጥሩ ከፋይ ስለነበረ ነጭ ሆኖ ወጣ።

በጣም የሚከፋው ነገር ይህ ስህተት ስህተት አይመስልም። ሁሉ ነገር ቢቀላ ትጠረጥራላችሁ። ምንም ባይቀላም ትጠረጥራላችሁ። ይህ ግን የቀዩን ብዛት አይለውጠውም፤ አሥራ አራት ሰው መቅላት ነበረበት፣ አሥራ አራት ረድፍ ነው የቀላው፣ ሰዎቹ ናቸው የተለወጡት። ኤክሴል ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። እሱ የታዘዘውን ነው የሠራው።

ጉግል ሺትስ (የጉግል የሰንጠረዥ ፕሮግራም) በዚህ በኩል ትንሽ ይቀላል፤ ፎርሙላው ሕጉ ከተሰጠበት ክልል ከላይ በግራ ካለው ሴል አንጻር ነው የሚነበበው፣ ክልሉም እዚያው ፎርሙላው አጠገብ ተጽፎ ይታያችኋል። ኤክሴል ላይ ግን ፎርሙላው የሚነበበው ሕጉን ስትጽፉ ጠቋሚው ካለበት ሴል አንጻር ነው። ከታች ወደ ላይ ጎትታችሁ ከመረጣችሁ ጠቋሚው ታች ነው ያለው። እኔ አሁን ልማዴ አንድ ነው። ኤ2 ላይ እጀምራለሁ፣ ወደታች እስከ ኤፍ187 እመርጣለሁ፣ ከዚያ በግራ ከላይ በኩል ያለችውን የስም ሳጥን አያለሁ። ኤ2 የምትል ከሆነ ለረድፍ 2 እጽፋለሁ።

ሌላም ብዙ ሰው የሚያናድድ ነገር አለ፣ ቶሎ ልንገራችሁ። በዚያች የፎርሙላ ሳጥን ውስጥ ወደኋላ ሄዳችሁ አንድ ፊደል ለማስተካከል የቀስት ቁልፍ ስትነኩ ጠቋሚው አይሄድም፤ በምትኩ አንድ የማታውቁት የሴል ስም ይሰነቀርና ፎርሙላው ይበላሻል። መጀመሪያ ኤፍ2 የሚባለውን ቁልፍ ከኪቦርዱ ላይ ተጫኑ፣ ከዚያ ቀስቱ እንደ ሰው ይሄዳል። ዶላሮቹን ለመቀያየር ደግሞ ኤፍ4 ነው። ደጋግማችሁ ስትጫኑት ሁለት ዶላር፣ አንድ ዶላር፣ ባዶ እያለ ይዞራል።

ይህ የሚሄደውንና የማይሄደውን የመለየት ነገር ከሰንጠረዥ ፕሮግራሞች ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1979 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የሰንጠረዥ ፕሮግራም ሲያወጡ ፎርሙላ ወደ ሌላ ሴል ስትገለብጡ ፕሮግራሙ ስለ እያንዳንዱ ሴል ይጠይቃችሁ ነበር፤ ይህ እንዳለ ይቅር ወይስ አብሮ ይሂድ? ያ ጥያቄ አሰልቺ እንደነበር ይገባኛል። ግን እማማ ፊት ከቆምኩ ወዲህ ያ ጥያቄ ባይጠፋ ኖሮ ምናለ ብዬ አስቤ አውቃለሁ። አሁን ጥያቄው የለም፣ ዶላሩ ብቻ ነው ያለው፤ መልሱን ጠያቂ ሳይኖር ራሳችሁ ማስታወስ አለባችሁ።

ረድፉን አስተካክዬ፣ አዲስ ወረቀት ለጥፌ፣ ለተወሰኑ ዓመታት ሰላም ነበር። ከዚያ በጥር 2016 ጠቅላላ ጉባኤው ወርሃዊ መዋጮውን ከ100 ወደ 150 ብር አሳደገው።

እኔ ዲ አምድን፣ የሚጠበቀውን ብር አስተካከልኩ። ሕጉን ረሳሁት። ሕጉ ውስጥ ደግሞ 300 የሚል ቁጥር ተቀምጧል። ሦስት ጊዜ 100፣ እኔ ነኝ ያኔ በጭንቅላቴ አባዝቼ የጻፍኩት። የትም ቦታ አይታይም። ሰንጠረዡ ላይ የለም፣ ወረቀቱ ላይ የለም፣ ሦስት መስኮት ከፍቶ ለገባ ሰው ብቻ ነው የሚታየው። በመጋቢት ወር ዝርዝሩን ሳወጣ ሁለት ወር ብቻ ያሳለፉ ሰዎች ቀሉ። ሁለት ጊዜ 150፣ 300።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከቴክኒክ ያለፈብኝ። ያ 300 የእኔ ቁጥር አይደለም። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ሰው ተሰብስቦ፣ እጅ አውጥቶ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ የወሰነው ነገር ነው። እኔ ግን እድርተኛው በማያየው ቦታ ደብቄ አስቀመጥኩት። ክፋት አስቤ አይደለም፣ እንዲያው ሳጥኑ ቁጥር ጠየቀኝና ቁጥር ሰጠሁት። ሳጥኑ ግን ቁጥር ብቻ አይደለም የሚቀበለው፣ የሴል ስምም ይቀበላል።

ስለዚህ ከዝርዝሩ በስተቀኝ ሁለት ሴል አወጣሁ። ጄ1 ላይ «ወርሃዊ መዋጮ 150»፣ ጄ2 ላይ «የውዝፍ ገደብ በወር 3»፤ መጠሪያቸውን አይ አምድ ላይ ጻፍኩት። ሕጉ =$ኤፍ2>=$ጄ$1*$ጄ$2 ሆነ። ውዝፉ ከየሰው ጋር ይወርዳል፣ ደንቡ ግን ከቦታው አይነቃነቅም፣ ስለዚህ ሁለት ሁለት ዶላር። ዝርዝሩ ሲታተም እነዚያ ሁለት ቁጥሮች አብረው ከላይ ይታተማሉ።

ገንዘብ ያዣችን ወረቀቱን ሲያዩት አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ኮምፒውተር አይነኩም፣ ግን እያንዳንዱን ቤት ያውቃሉ። ጣታቸውን አንድ ስም ላይ አስቀምጠው «ይሄ ሰውዬ ለምን ነጻ ወጣ? ከጭማሪው በፊት ያለውን ሦስት ወር መቼ ከፈለ?» አሉኝ። አየሁት። ሰውየው 300 ብር አለበት፣ ሦስት ወር፣ ሁሉም በድሮው 100 ብር። ገደቡ አሁን 450 ነው። ስለዚህ ቀለሙ ለቀቀው።

ልክ ነበሩ። ደንቡ «ሦስት ወር» ነው የሚለው፣ ብር አይልም። እኔ ወሩን ወደ ብር የመነዘርኩት ለእኔ ስለቀለለኝ ነው። ይህን ስህተት ሊያዩት የቻሉት ደግሞ ቁጥሮቹ ወረቀቱ ላይ ስለነበሩ ነው። 300 ሕጉ ውስጥ ተደብቆ ቢቀር ኖሮ እሳቸውም እኔም አናየውም ነበር።

ወር ልቁጠር ብዬ መጀመሪያ የሄድኩበት መንገድ ቀን ነበር። የመጨረሻ ክፍያ ቀን የሚል አምድ ጨምሬ፣ ቱዴይ የሚባለው ፎርሙላ የዛሬን ቀን ስለሚያውቅ ከዛሬ 90 ቀን ወደኋላ ከሆነ ይቅላ አልኩ። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ልብ ማለት አለበት። ደረሰኙ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 18 ቀን 2016ን 18/2/2016 ብዬ ስጽፍ፣ ቀን አስቀድሞ እንዲያነብ የተስተካከለው ኮምፒውተሬ ፌብሩዋሪ 18፣ 2016 ብሎ ነው የተረዳው። ለእሱ ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈ ነገር ነው። ቀላ። ጥቅምት 30 የከፈሉት ደግሞ ጨርሶ አልቀሉም፤ ምክንያቱም ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን በዓለም ላይ የለም፣ ስለዚህ ኤክሴል ቀን መሆኑን ትቶ እንደ ጽሑፍ ያዘው። ጽሑፍ ከቁጥር ጋር ሲወዳደር ለኤክሴል ሁልጊዜ ጽሑፍ ይበልጣል። ከገደቡ በፊት ነው ወይ ሲባል ለዘላለም አይደለም ይላል። ከዝርዝሩ ሥር ያሉት ባዶ ረድፎች ደግሞ በሙሉ ቀሉ፤ ባዶ ሴል እንደ 0 ይቆጠራል፣ 0 ደግሞ ከማንኛውም ቀን በፊት ነው። (ቀኑ በትክክል መግባቱን በዓይን መለየት ይቻላል፤ ማሰለፊያውን ካልነካችሁት እውነተኛ ቀን የሴሉን ቀኝ ይይዛል፣ ጽሑፍ ግራውን።)

ቀኑን ተውኩት። በምትኩ ወሮቹን ቁጥር ሰጠኋቸው። መስከረም 2013ን 1 ብዬ ጀመርኩ፣ ጳጉሜን አንከፍልበትምና በዓመት 12። መስከረም 2016፣ 37 ይሆናል። ጄ3 ላይ «ያለንበት ወር» የሚል ሴል አለ፣ በየወሩ በእጄ ነው የምቀይረው። ጂ አምድ ከዚያ ላይ ሰውየው የከፈለበትን የመጨረሻ ወር ይቀንሳል። ሕጉ አሁን አጭር ነው፣ =$ጂ2>=$ጄ$2። ቱዴይ ከሚባለው ፎርሙላ ያቺን አንዲት ሴል እመርጣለሁ። ወሩ መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቀው እድሩ ነው፣ ኮምፒውተሩ አይደለም።

ደንቡን ለብቻው ሺት (በዚያው ፋይል ውስጥ ሌላ ገጽ) ላይ ለማድረግም ሞክሬ ነበር። ከኤክሴል 2010 ወዲህ ሕጉ ውስጥ የሌላ ሺት ሴል መጥራት ይፈቀዳል። ፋይሉን ጉግል ሺትስ ላይ ስናደርገው ግን አልተቀበለም፤ እዚያ ኢንዳይሬክት በሚባል ፎርሙላ ካልሆነ አይሆንም፣ እሱ ደግሞ የሺቱን ስም እንደ ጽሑፍ ስለሚይዘው ስሙን የቀየራችሁ ቀን ዝም ብሎ ይቆማል። እዚያው ዝርዝሩ አጠገብ መልሼ አመጣሁት። ለእኛ የሚሻለውም እሱ ነበር፣ አብሮ ይታተማላ።

አሁን ከማተሜ በፊት የማደርገው አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው ሰው ላይ በጂ አምድ 9 እጽፋለሁ፣ የራሱ ረድፍ ሲቀላ አያለሁ፣ እመልሰዋለሁ። የመጨረሻው ሰው ላይም እንዲሁ። መሀል ላይ አንድ። ከዚያ የሕጎቹን ዝርዝር ከፍቼ አያለሁ፣ ምክንያቱም ረድፍ ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉ ሕጉም አብሮ ይለጠፋል፣ ክልሉ ይቆራረጣል፣ አንዱ ሕግ ሳታውቁት አምስት ስድስት ይሆናል። ጠቅላላው አራት ደቂቃ ነው።

ባለፈው ወር እማማ መዋጮአቸውን ሊከፍሉ መጥተው «እስቲ የእኔን አሳየኝ» አሉኝ። ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ረድፋቸው ነጭ ነው። ጣታቸው ወደ ቀኝ ሄደና ጄ2 ላይ ቆመ።

«ይቺ 3 ምንድን ናት?»

«እሷ ደንቧ ናት እማማ። ሦስት ወር የሞላው ይቀላል የሚለው።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ የታመመ ሰው፣ አልጋ የያዘ ሰው፣ ሦስት ወር እንዴት ይበቃዋል፣ ለእሱ ስድስት ቢሆን ምን አለ አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ደህና ናቸው፤ ስለ ጎረቤታቸው ነው የሚናገሩት፣ ከእሳቸው ሥር ስለተመዘገበው ሰው። አምስት ወር ያልከፈለበትን ምክንያት ያኔ ነው የሰማሁት።

ለዳኛው ነግሬያቸዋለሁ፣ ለመስከረሙ ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ ተይዟል። ጉባኤው ከተቀበለው ገደቡ ለሁሉም አንድ መሆኑ ይቀራል፤ ለየሰው የተፈቀደለት ወር በራሱ ረድፍ ላይ ይጻፋል፣ ሕጉም $ጄ$2 ማለቱን ትቶ $ኤች2 ይላል። አንድ ዶላር ይነሣል ማለት ነው። ኤች አምድን ከአሁኑ ከፍቼ ርእሱን ጽፌበታለሁ፣ ቁጥሮቹን ግን ጉባኤው እስኪወስን አልሞላሁም።